ያረጀው ዕቃ ይተካ ወይስ ይጠገን?

አወያይ፦ ከሱቅ በተገዛ ዕቃ የተሠራ ኢንስታሌሽን (ዕቃዎችን በአንድ ቦታ በማደራጀት የሚሠራ የጥበብ ሥራ) ሲበላሽ ሙዚየሙ አዲስ ገዝቶ ይተካ ወይስ የመጀመሪያውን ዕቃ ይጠግን? የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣበት ጉዳይ ነውና ምክንያታችሁን አስቀምጡ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ይሁኑ።)

ውል ይቅደም፦ ይተካ። አርቲስቱ ዱሻምፕ በ1917 እንደ ጥበብ ሥራ ያቀረበው የሽንት ገንዳ ጠፍቷል፤ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚታዩት አብዛኞቹ በ1964 በእሱ ፈቃድ የተሠሩ ቅጂዎች ናቸው። አርቲስቱ ካቴላን በ2019 ግድግዳ ላይ በቴፕ የለጠፈው ሙዝም ያው ነው። ገዢው የሚረከበው መመሪያ ነው፤ ከወለሉ 175 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል፣ ሙዙ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይቀየር ይላል። ሙዝ የሚጠግን ካለ እጁን ያውጣ!

ጠጋኝ፦ የሚቀልህን ምሳሌ መረጥክ። ቀራፂዋ ኤቫ ሄስ የሠራችበትን ላቴክስ (ሲቀቡት የሚደርቅ ፈሳሽ ጎማ) እንይ። አየርና ብርሃን ሲያገኘው ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ተጣጥፎ ከተቀመጠ ደግሞ እጥፋቱ ላይ ይሰበራል። ኒው ዮርክ በሚገኘው ጉገንሃይም ሙዚየም ያለው የ1969 ሥራዋ ለ35 ዓመት ያህል ሳይታይ ቆይቶ፣ ከጥገና በኋላ በ2022 ነው የወጣው። ላቴክስ ዛሬም ይሸጣል። እሷ ግን በ1970 ስለሞተች አዲስ ብንቀባ የእኛ ሥራ ነው የሚሆነው።

ውል ይቅደም፦ እሱ የእጅ ሥራ ነው። የተጠየቅነው ስለተገዛ ዕቃ ነው።

ባለ መብራት፦ የተገዛውም ቢሆን እንደምትለው ቀላል አይደለም። በመብራት ይሠራ የነበረው አርቲስት ዳን ፍላቪን የተጠቀመው ማንም የሚገዛቸውን የፍሎረሰንት ቱቦዎች ነው፤ 61፣ 122፣ 183 እና 244 ሳ.ሜ. የሆኑትን። ሲቃጠሉ ይተካሉ፣ በዚህ ክርክር የለኝም። ግን ሜርኩሪ ስላለባቸው ከገበያ እየወጡ ነው። «ኤልኢዲ ይግባበት» የሚሉ አሉ። ብዙዎቹ የኤልኢዲ ቱቦዎች ብርሃን የሚለቁት ወደ አንድ ጎን ነው፣ ፍሎረሰንት ግን ዙሪያውን። ከኋላ ያለው ግድግዳ ቀለም ካልያዘ ሥራው ግማሽ ነው። ሌላም ወጥመድ አለ። ከአሮጌዎቹ መሃል አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አዲሱ ጎልቶ ያበራል። ወይ ሁሉንም በአንድ ቀን ቀይሩ፣ ወይ አዲሱን አስቀድማችሁ 100 ሰዓት ያህል አብሩት። የቀለም ኮዱን መዝግቡ፤ «ሮዝ» ብሎ ማዘዝ ስንት ዓይነት ሮዝ እንደሚያመጣ ያዘዘ ያውቀዋል።

አዳራሽ ጠባቂ፦ «ይተካ» ካላችሁ በየስንት ጊዜው? አርቲስቱ ጎንዛሌዝ-ቶሬስ በ1991 የሠራው የከረሜላ ክምር መነሻ ክብደቱ 175 ፓውንድ ነው፣ 79 ኪሎ ግድም። ከኤድስ ጋር በተያያዘ ሕመም የሞተውን የፍቅር ጓደኛውን ሮስን ያስታውሳል፤ ተመልካች ከክምሩ እያነሣ ይሄዳል። በየጠዋቱ እየመዘናችሁ ከሞላችሁት መመናመኑን ማንም አያይም። ሳምንት ካቆያችሁት ይታያል። ያው ከረሜላ፣ ያው ሚዛን፣ ሁለት የተለያየ ሥራ።

ጠጋኝ፦ ውል ይቅደም፣ አንድ ጥያቄ ልጨምርልህ። በ2011 ጀርመን ዶርትሙንድ ከተማ ባለ ሙዚየም ውስጥ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ከሠዓሊው ኪፐንበርገር ሥራ ሥር የነበረውን ገንዳ ፈግፍጋ አጸዳችው። ቆሻሻ የመሰላት ሠዓሊው ራሱ የቀባው ቀለም ነበር፤ ሥራው 800,000 ዩሮ ኢንሹራንስ የተገባለት ነው። ገንዳ ይገዛል። እድፉንስ ከየት ትገዛዋለህ? ሰውየው በ1997 ሞቷል።

ውል ይቅደም፦ እሺ፣ እዚህ ላይ ያዝከኝ። እንግዲያው ውሉ በግዢው ቀን በየክፍሉ ይጻፍ፤ ይህ ይተካል፣ ይህ አይነካም፣ ይህን አርቲስቱ ብቻ ይቀይረዋል። ከቀለም ካርድ (የቀለም ማመሳከሪያ) እና ከማስመሪያ ጋር የተነሣ ፎቶ፣ ክብደትና በዕቃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ይያያዝበት። የጽዳት ክፍሉም አንድ ቅጂ ይድረሰው።

አዳራሽ ጠባቂ፦ ቅጂው ብቻውን አያድንም። ማታ የሚያጸዳው ሰው ፋይል አይከፍትም። ወለሉ ላይ መስመር አስምሩለት።

ባለ መብራት፦ መለዋወጫውም በዚያው ቀን ይገዛ። አምራቹ ካቆመ በኋላ ፍለጋ መውጣት ድካም ነው።

ጠጋኝ፦ የተነቀለውን ግን አትጣሉ። ከተቃጠሉት ቱቦዎች ቢያንስ አንዱ ቁጥር ተሰጥቶት ይቀመጥ፤ የሚቀጥለው ትክክል መሆኑ የሚመዘነው በእሱ ነው።