ወፎቹ ለባለ አገሩ ልዑል ብቻ የሚዘምሩበት የዌልስ ሐይቅ፦ የቱ ተረት ነው፣ የቱ እውነት?

የጀልባው ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ፣ አሞራ ገደል ጀልባ ላይ ነው የምሠራው። ሰው ጉማሬ ወዳለበት ወስጄ እመልሳለሁ። ሰሞኑን ከዌልስ የመጡ ሸምገል ያሉ ባልና ሚስት ጭኜ ነበር። ሰውየው ዳር የቆሙትን ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ ሲያይ ቆየና «እኛ አገር አንድ ሐይቅ አለ፤ ወፎቹ የሚዘምሩት ለትክክለኛው የአገሩ ገዢ ብቻ ነው» አለኝ። ሳቅኩ። እሱ ግን ፍንክች አላለም። ጭራሽ ቀጠለበት። ውሃው አንዳንዴ አረንጓዴ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደም ይመስላል፣ በብርድ ጊዜ ያቃስታል። ሥሩ የሰጠመ ከተማ አለ። ዳር ላይ ደግሞ የንጉሥ ደሴት። ስሙ ላንጎርስ ነው፤ በራሳቸው ቋንቋ ሊን ሰቫዳን ይሉታል።

ወሬው ተመችቶኛል። ለደንበኞቼ ላወራው አስቤያለሁ፣ በተለይ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሙሽሮች። ግን አንድ የሚያውቅ ሰው ጀልባው ላይ ተቀምጦ «ይሄማ ውሸት ነው» ቢለኝ የት እገባለሁ? ውሃ ላይ ነን እኮ! እባካችሁ የምታውቁ ለዩልኝ።

ቆሮሶ በዳጣ፦
የኛዎቹ አባ ኮዳዎች ደግሞ የሚታዘዙት ለአሳ ቆራጩ ብቻ ነው። የአንጀት ባልዲ የያዘ ሁሉ ንጉሣቸው ነው።

የውሃዋ፦
ይሄ ጥያቄ የኔ ነው። ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ተምሬያለሁ፣ ሐይቁ ከዚያ ብዙ አይርቅም። እንጀራዬም ውሃ መመርመር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ትልቅ ነገር እንዳይመስልህ። ከደቡብ ዌልስ የተፈጥሮ ሐይቆች ትልቁ ነው ይባላል እንጂ ከሐዋሳ ጎን ቢቀመጥ ኩሬ ነው። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ጥልቀቱም እዚህ ግባ አይባልም። ብሬከን ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ ተራሮች ሥር ነው ያለው። የኛ ሐይቅ የተኛው በእሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ የነሱን የሠራው የበረዶ ዘመን ነው።

የወፎቹ ወሬ ሰውየው የፈጠረው አይደለም። የብሬከን ሊቀ ዲያቆን የነበረው ጄራልድ በ1188 ዌልስን ዞሮ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ነገሩ ሆነ የሚባለው ከዚያ በፊት፣ በእንግሊዙ ንጉሥ በቀዳማዊ ሄንሪ ዘመን ነው። ሁለት የንጉሡ መኳንንትና ግሪፊዝ አፕ ሪስ የተባለ የዌልስ ልዑል በሐይቁ ዳር ያልፋሉ። የብርድ ወራት ነው፤ ውሃው በወፍ ተሸፍኗል። መኳንንቱ ተራ በተራ «ዘምሩ» ብለው አዘዙ። ጭጭ። ግሪፊዝ ከፈረሱ ወረደ። ወደ ምሥራቅ ዞሮ ተንበርክኮ ጸለየ፣ አማተበ፣ ከዚያ አዘዘ። ወፎቹ ውሃውን በክንፋቸው እየመቱ ሁሉም በየቋንቋቸው ጮኹ። ለንጉሡ ሲነገረው ብዙም አልደነቀውም ይላል ጄራልድ። በጉልበት ብንይዘውም አገሩ የነሱ ነው፣ ዓይነት መልስ ሰጠ።

እኔን ከጠየቅከኝ ይሄ የወፍ ሳይሆን የፖለቲካ ወሬ ነው። መሬቱን የተቀማ ሕዝብ ነው የሚያወራው። ወፎቹ ግን አሉ። ዛሬም በብርድ ወራት ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች ያርፉበታል። ወደ አፍሪካ የሚሰደዱ ትንንሽ ወፎች ደግሞ ከጉዞ በፊት ተሰብስበው ሸምበቆው ውስጥ ያድራሉ። እንዲህ በወፍ የተሞላ ውሃ ዳር ከፈረስ ወርዶ፣ ተንበርክኮ፣ ብድግ ያለ ሰው ወፍ ባያስነሣ ነበር የሚገርመኝ።

አረንጓዴውና ደሙ ተረት አይደለም። እሱንም ጄራልድ ጽፎታል፤ ደሙ ሁሉንም ውሃ ሳይሆን እዚህም እዚያም እንደ ጅረት ነው የታየው ይላል። አልጌ፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅለው ደቃቅ ተክል መሰል ነገር፣ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ምግብ ሲያገኝና ሙቀት ሲጨምር ይባዛል፣ ነፋስ ወደ አንድ ዳር ይገፋዋል፣ ቀለም የተደፋ ይመስላል። ቀይ የሆኑ ዝርያዎችም አሉ። በኛ ዘመን የመንደር ፍሳሽ ሲገባበት ኖሮ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው ፍሳሹ ወደ ሌላ አቅጣጫ የተቀየረው። በ1188 አልጌውን የሚመግብ የፋብሪካ ማዳበሪያ አልነበረም። ግን ጥልቀት ለሌለው ሐይቅ በዙሪያው የሚውለው ከብት እበት ብቻውን ሊበቃው ይችላል።

ማቃሰቱ ደግሞ በረዶ ነው። ውሃው ላይ የረጋው በረዶ ሲሰነጠቅ ድምፁ ከብት የሚያገሳ ይመስላል። ጄራልድ ራሱ ከበረዶው ሥር ታፍኖ የቆየ አየር ሲወጣ ነው ብሎ ገምቷል። ለዚያ ዘመን ጎበዝ ነው።

ደሴቱ እውነት ነው፣ ያውም ሰው የሠራው። ድንጋይና ጭራሮ ደልድለው፣ ዙሪያውን በኦክ ሳንቃ አጥረውታል። የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት ተቆጥሮ ዛፎቹ ከ889 እስከ 893 ባለው ጊዜ እንደተቆረጡ ታውቋል። ብሬከኒዮግ የምትባለው የዚያ አካባቢ ትንሽ የዌልስ መንግሥት ነገሥታት መኖሪያ ነበር። በ916 የመርሲያ፣ እንግሊዝ ውስጥ የነበረች መንግሥት፣ ገዢ ኤተልፍሌድ፣ ሴት ናት ልብ በል፣ ጦር ልካ አፈረሰችው። የንጉሡን ሚስት ጨምሮ 34 ሰው ተማረከ። አንተ ጀልበኛ ስለሆንክ ይሄንንም ያዝ፦ በ1925 ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ጥንታዊ ታንኳ ከሐይቁ ወጥቷል።

ሙሉ በሙሉ ተረት የሆነው የሰጠመው ከተማ ብቻ ነው። ከተማው በክፋቱ ስሙ ይጠፋል። ንጉሡ የሚያጣራ ሰው ላከ። ሰውየው አይቶ ሲወጣ ጓንቱን ረስቶ ተመለሰ። ከተማ የለም። ውሃ ብቻ። ጓንቱ ተንሳፍፏል፣ አጠገቡ ደግሞ ሕፃን የተኛበት አልጋ።

ወሎዬዋ፦
እንዴ! ይሄማ የኛው ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ልዕልት አንዲት ነፍሰ ጡር በደለች፣ እግዚአብሔር ተቆጣ፣ ዙሪያው ሁሉ ውሃ ሆነ፣ ልዕልቲቱም ከነዘመዶቿ ሰጠመች ይባላል። ሴትየዋ የተቀመጠችበት ብቻ ደረቅ ቀረ። በኋላ አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን ያቀኑበት ቦታ ማለት ነው። የነሱ ሕፃን ተንሳፍፎ ተረፈ፣ የኛዋ መሬቷን ይዛ ቀረች። የኛ ይሻላል፣ ቢያንስ እናትየው አለች።

የጀልባው ልጅ፦
እትዬ የውሃዋ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ወሎዬዋ፣ ያንቺንም ጨምሬ አወራዋለሁ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የኛም ውሃ አንዳንድ ጊዜ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ይላል። ያው ነገር ነው?

የውሃዋ፦
ያው ነው። ጥቂቱ አይጎዳም፤ ቆሮሶ ዓሣም አልጌ ይበላል። ልዩነቱ መውጫው ላይ ነው። ላንጎርስን ሊንቪ የሚባል ወንዝ ሰንጥቆት ስለሚያልፍ ቢዘገይም ይታጠባል። ሐዋሳ ግን ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጽ የሚወጣ ወንዝ የለውም። ውሃው በትነትና በመሬት ሥር ይሄዳል፣ የገባው ቆሻሻ አብዛኛው እዚያው ይከማቻል። እንደ አረንጓዴ ቀለም ወፍሮ ካየኸው ሰው እጁን አይንከር፣ ከብትም አይጠጣው፤ መርዝ የሚለቅ ዓይነት አለ። ፎቶ አንስተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ ቦታውንም ጻፍልኝ።