ባሕር ዳር ላይ ላፕቶፕ ለምትገዙ፦ ከ«አይ7» በፊት ጄነሬሽኑን ጠይቁ

ባለፈው ሳምንት ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ (ፖሊ ግቢ) የሚማርላቸው ጎረቤቴ ሱቅ ውስጥ ቆመው ደወሉልኝ። «አይ ሰቨን ነው ይሉኛል፤ ልክፈል ወይስ ልተው ልጄ?» «እትዬ፣ ሳልደርስ እንዳይከፍሉ» ብዬ በባጃጅ ደረስኩ። ላፕቶፑ ያምራል፤ ተለጣፊውም አልዋሸም። ከፍቼ ሳየው ግን ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አንጎል) ኮር አይ7-6600ዩ ነው፤ ስድስተኛ ጄነሬሽን (ትውልድ)፣ ባለ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰሩ ክፍሎች)። እዚያው መደርደሪያ ላይ ማንም ዞር ብሎ ያላየው አይ5-8250ዩ ተቀምጧል፤ ስምንተኛ ጄነሬሽን፣ ባለ አራት ኮር፣ ዋጋውም የሚቀንስ። እሱን ይዘን ወጣን።

ከሰረዙ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ቁጥር ጄነሬሽኑን ይነግራችኋል፤ ከአሥረኛው ጀምሮ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቁጥሮች። ለምን በስምንት ላይ ሙጭጭ እንዳልኩ ላስረዳ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና፣ ኢንቴል ከሆነ፣ በጥቅሉ ከስምንተኛ ጄነሬሽን ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ይህን የማያሟሉትን ማሽኖች በጅምላ እያስወጡ ነው፤ በእኔ ግምት ሱቆቻችን በስድስተኛና በሰባተኛ ጄነሬሽን የተጥለቀለቁት ለዚህ ነው። ርካሽ መስለው የሚታዩትም እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ያገለገለ ለምትፈልጉ ምርጫዬ ይህ ነው፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490። ሦስቱም ራማቸው (ጊዜያዊ ማስታወሻቸው) ይቀየራል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ቲ480 እላለሁ፤ ከውስጥ አንድ፣ ከኋላ ተነቃይ ሌላ ባትሪ ስላለው መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ስሙ ተቀራራቢ የሆነው ቲ480ኤስ ቀጠን ብሎ ያምራል፤ የራሙ አንድ ክፍል ግን ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ቲ470፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 እና ጂ4 ደግሞ ከስምንተኛው በታች ናቸውና ዋጋቸው እጅግ ካልወረደ እለፏቸው። አንዱን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ አትጣሉት፤ ኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) አስገቡበትና በዊንዶውስ ፈንታ ነፃውን ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ጫኑበት፤ ለጽሑፍና ለኢንተርኔት ገና ብዙ ያገለግላችኋል።

በራም ጉዳይ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ድሮ «8 ጊጋ ግዙ፣ ሌላውን ቀስ ብላችሁ ትጨምራላችሁ» እል ነበር። አሁን ሚሞሪ አምራቾቹ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን አቅማቸውን ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት ወደሚሆን ሚሞሪ እያዞሩ፣ የተራው ሰው ራም በዓለም ዙሪያ ተወድዷል። ማይክሮን በኅዳር 2018 ክሩሻል በሚል ስም ለግለሰቦች ይሸጥበት የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም አስታውቋል። ይህ ዜና ሲወጣ ከልቤ አዘንኩ፤ ለብዙ ወዳጆቼ ያስገዛሁት የእነሱን ነበርና። ከእንግዲህ 16 ጊጋ ውስጡ ያለውን ፈልጋችሁ ግዙ፤ ለብቻው ልግዛ ስትሉ ይከብዳችኋል።

ከአዲስ አበባ ማስመጣት ወይስ እዚሁ መግዛት? አዲስ አበባ ምርጫው ሰፊ ነው፣ ዋጋውም አንዳንዴ ይሻላል። ነገር ግን ዕቃው በሦስተኛው ቀን ቢበላሽ ይዛችሁ የምትመለሱበት ሱቅ ሩቅ ነው። እኔ ትንሽ ጨምሬም ቢሆን እዚሁ እገዛለሁ፤ የላፕቶፑ መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝና ቢያንስ የአንድ ወር ዋስትና ከሰጡኝ። ከመክፈላችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ጠይቁ። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ንኩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱን ያሳያችኋል። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ አንድ ጊዜ ያየሁት ኤሊትቡክ ሲመረት 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ነበረው፤ በዚያን ቀን የቀረው 29 ነው። ባለሱቁ አብሮኝ አይቶ ዋጋውን ያለ ክርክር ቀነሰ። ይህን ለማየት ፈቃደኛ ያልሆነ ሱቅ ካጋጠማችሁ ውጡ።

ለጥገና ደግሞ፣ ፎርማት ለማድረግና ኤስኤስዲ ለመቀየር በፔዳ ግቢ አካባቢ ያሉት ወጣቶች ፈጣንና ጨዋዎች ናቸው። ቦርድ ላይ ብየዳ ካስፈለገ ግን በገበያው በኩል ስልክ ሲጠግኑ የኖሩት ባለሙያዎች ይሻላሉ፤ ማይክሮስኮፕና ሆት ኤር (በሙቅ አየር መበየጃ) ጠረጴዛው ላይ ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ፊት ለፊታችሁ ይክፈቱት። ለጽዳት ብቻ የሰጠሁት ላፕቶፕ 16 ጊጋ ይዞ ገብቶ በ8 ተመልሶልኛል፤ ከዚያ ወዲህ ራሙንና ዲስኩን ፎቶ ሳላነሳ ማሽን ለማንም አልሰጥም። ፕሮሰሰሩ እንዳይግል የሚቀባው ፓስታ የሚታደሰውም ሙቀቱ ከሚበረታበት ከመጋቢት በፊት ቢሆን ይመረጣል።

የመብራቱን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ኃይሉ ተቋርጦ ሲመለስ ቮልቴጁ የሚዋዥቅባት ያች ቅጽበት ናት ፓወር ሰፕላይ የምታቃጥለው። ዴስክቶፕ ያላችሁ 650 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ይበቃችኋል፤ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ ለማጥፋት የሚሆኑ ደቂቃዎችን ይሰጣችኋል። ሌዘር ፕሪንተር ግን በፍጹም እንዳትሰኩበት፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከአቅሙ በላይ ነው። ዩፒኤሱ ወዲያው መጥፋት ከጀመረ አዲስ አትግዙ፤ በአብዛኞቹ ትናንሾች ውስጥ ያለው ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስለሆነ እሱን ብቻ ቀይሩ። ላፕቶፕ ለያዘ ደህና ስታቢላይዘር (ቮልቴጅ አስተካካይ) ይበቃል።

«2 ቴራባይት» ተብሎ በጥቂት ብር የሚሸጠውን ፍላሽ ተዉት። መጠኑ በሐሰት የተጻፈ ነው፤ ሲሞላ ፋይላችሁን ይበላዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን በዚህ ያጣ ተማሪ አውቃለሁ።

ምክር የምትፈልጉ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን መጠንና የባትሪውን ሪፖርት ጻፉልኝ፤ የምችለውን እመልሳለሁ። «አይ5 ነው» ብቻ ካላችሁኝ ግን የምነግራችሁ ነገር የለኝም።