አዲስ መንገድ ወይስ ያለውን ማዳን? የደሴ ቦዮችና የድጋፍ ግንቦች

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ሐሳብ «ደሴ ያሏትን የጎርፍ ቦዮች፣ የቱቦ ማሻገሪያዎችና የድጋፍ ግንቦች ከነጉዳታቸው መዝግባ እስክትጨርስ ድረስ አዲስ የውስጥ ለውስጥ መንገድ መጀመር የለባትም» የሚል ነው።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ሲቪል መሐንዲስ፦ እደግፋለሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ውኃ ቦርከና ወንዝ ለመግባት ከተማዋን ማቋረጥ ግድ ስለሚለው፣ እዚህ የሚሠራ መንገድ ሁሉ ከውኃ ጋር ተስማምቶ መሠራት አለበት። የድጋፍ ግንብ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በድንገት አይናድም። ለውኃ መውጫ የተተዉለት ቀዳዳዎች በደለል ሲደፈኑ ውኃው ከጀርባው ይጠራቀማል፤ የራሰው አፈር እየከበደ ይገፋዋል፤ ግንቡም ወገቡ ላይ አብጦ መሰንጠቅ ይጀምራል። ይህን ለማየት አንድ ባለሙያ በበጋ ሜትርና ካሜራ ይዞ ቢዞር ይበቃል። ቀዳዳ መጥረግ የጉልበት ሥራ ነው፤ የተናደውን መልሶ መገንባት ግን ጨረታ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚከፋው የበጀቱ ነገር ነው፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ሲሆን ክረምቱ የሚበረታውም በሐምሌና በነሐሴ በመሆኑ፣ የጥገናው ገንዘብ ሲፈቀድ ቦዩ በጎርፍ ተሞልቶ ይገኛል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ የተደፈነ ቦይ ማን ያስታውሳል?

ከሰኞ ገበያ፣ ነጋዴ፦ ኢንጂነር፣ የግንቡን ነገር በሚገባ አስረድተውናል፤ መደምደሚያዎን ግን አልቀበልም። ለኮብልስቶን ከኪሱ አዋጥቶ ተራ የሚጠብቅን ነዋሪ «መዝገቡ እስኪያልቅ ታገሥ» ማለት ቅጣት ነው፤ መኪና በማይደርስበት ዳገት ላይ ምጥ የያዛት እናት የምትወርደው በሰው ትከሻ ነውና። መዝገብ ተሠርቶ መሳቢያ ውስጥ ሲቀርም አይተናል። ደግሞም ቦይ የሚደፈነው ስላልተመዘገበ ብቻ አይደለም፤ ባለሱቆች (ባልንጀሮቼ ይቅር ይበሉኝ) በላዩ ሲሚንቶ ሞልተው መደብ ስለሚያደርጉት ለአካፋ መግቢያ የለውም።

ከኮምቦልቻ፦ ክርክሩ ደሴ ላይ ብቻ ለምን ይቆማል? ደሴ በ2,500፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ እናንተ የለቀቃችሁት ጎርፍ በቦርከና ወደ እኛ ይወርዳል። ቀድሞ መሬት ውስጥ ይሰርግ የነበረው ውኃ ድንጋይ በተነጠፈና ቆርቆሮ በተመታ ቁጥር ፈጥኖ ወንዝ ይገባል፤ እዚህ ደግሞ ወርቃና ለዮሌ የተባሉት ወንዞች ይጨመሩበታል። መዝገቡ በከተማ ወሰን ከተቆረጠ ግማሽ ነው።

መሐንዲሱ፦ የኮምቦልቻው አስተያየት ትክክል ነው። ለነጋዴው ወንድሜም «ሁሉም ይቁም» የሚለውን ላለዝበው እችላለሁ፤ አዲሱ መንገድ ውኃውን የሚያስረክበው ቦይ እስከ ወንዙ ድረስ ተመርምሮ ከተጠረገ ሥራው ይጀመር።

ነጋዴው፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የሱቆቹ ሲሚንቶ በማን ወጪ እንደሚነሣ አስቀድሞ ይነገረን። የሚተካው ክዳንም ሁለት ሰው ሊያነሣው የሚችል ይሁን፤ ሥራውም በልግ ሳይገባ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይለቅ።