ስቲከር ያለው ሃይብሪድ ልገዛ ነው፤ ብቻዬን ካርፑል ሌን ያስገባኛል?

የኦክላንዱ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያገለገለ ፕሪየስ ፕራይም (ሶኬት ላይ የሚሰካ ሃይብሪድ) ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ሻጩ ሀበሻ ነው፣ ደግ ሰው ይመስላል። ግን ዋጋው ከተመሳሳዮቹ አንድ ሺህ ዶላር ይበልጣል። ለምን ስለው «ስቲከር አላት፣ ብቻህን ካርፑል ሌን (ብዙ ሰው ለጫነ መኪና የተለየው መስመር) ትገባለህ፣ ሕጉ እስከ 2027 ነው» አለኝ። ስቲከሩ እውነትም መኪናዋ ላይ ተለጥፏል። የሥራ ባልደረባዬ ግን «እሱ ነገር ቀርቷል» ይለኛል። የእህቴ ባል ደግሞ ድሮ ተራ ፕሪየስ ይዞ ብቻውን ይገባ ስለነበር «ሃይብሪድ ከሆነ ምን ችግር አለው» ባይ ነው። ማንን ልመን? የምኖረው ኦክላንድ፣ የምሠራው ሳንሆዜ ነው። በ880 አውራ ጎዳና ነው የምመላለሰው። በፈረንጅ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እወጣለሁ፣ ከሰዓት 2 ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።

ሚሚ ከኤል ኤ፦
ወንድሜ፣ ባልደረባህ ልክ ነው። የካሊፎርኒያ የስቲከር ፕሮግራም ሴፕቴምበር 30፣ 2025 አብቅቷል። ዲኤምቪ (የመኪና ምዝገባ ቢሮው) አዲስ ማመልከቻ መቀበል ያቆመው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ኦገስት 29 ላይ ነው። ከዚያ የ60 ቀን እፎይታ ነበር፤ በነዚያ ቀናት ስቲከር ያለውን ሰው አይቀጡም ነበር። እሱም አልቋል። ከዲሴምበር 1፣ 2025 ጀምሮ ሙሉ ኤሌክትሪክ ይሁን፣ ፕላግ-ኢን ይሁን፣ ሃይድሮጅን ይሁን፣ ብቻህን ከገባህ እንደማንኛውም ሰው ትቀጣለህ። ቅጣቱ ደግሞ ከ490 ዶላር ይጀምራል። አንድ ጊዜ ብትያዝ ሻጩ የጨመረብህን ግማሹን ያህል ነው።

ስቲከሩ መኪናው ላይ መኖሩ አያታልልህ። ማንም መጥቶ አልላጠውም።

የኦክላንዱ፦
እህቴ አመሰግናለሁ። ታዲያ «እስከ 2027» የሚለው ከየት መጣ? ሰውየው ሆን ብሎ የሚዋሽ አይመስለኝም።

ጋሽ ታክሲ፦
ልጄ፣ ሰውየው አልዋሸህም፣ ግማሹን ነው የነገረህ። ካሊፎርኒያ በ2024 ባወጣችው ሕግ ፕሮግራሙን እስከ ጃንዋሪ 1፣ 2027 አራዝማዋለች። ግን «ፌዴራል ከፈቀደ» የሚል ሐረግ አለው። እነዚህ መንገዶች የፌዴራል ገንዘብ አለባቸው። ብቻውን የሚነዳ ሰው ካርፑል ሌን እንዲገባ ስቴቱ በራሱ መፍቀድ አይችልም። የፌዴራሉ ፈቃድ በ2015 በወጣው ሕግ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ 2025 ነበር። ኮንግረስ ሳያድሰው ቀኑ አለፈ። አለቀ።

የእህትህ ባል የሚለውም እውነት ነው፣ የሱ ግን ከብዙ ዓመት በፊት የቀረ ነው። ተራ ሃይብሪድ፣ ማለትም ሶኬት ላይ የማይሰካው፣ ከ2005 ጀምሮ ቢጫ ስቲከር ይሰጠው ነበር። ለሁሉም አልነበረም፤ በጋለን 45 ማይል መሄድ ነበረበት። ስለዚህ ፕሪየስ፣ ሲቪክ ሃይብሪድና ኢንሳይት ብቻ ነበሩ ማለት ይቻላል። በ75 ሺህ ጀምሮ 85 ሺህ ላይ ተዘጋ። ያኔ ቢጫ ስቲከር ያለው አሮጌ ፕሪየስ ከሌለው በብዙ ይወደድ ነበር፤ የዛሬው ሻጭህ የሚያስበው በዚያ ዘመን ሒሳብ ነው። ቢጫው ጁላይ 1፣ 2011 ላይ ሞተ። በ2012 ለፕላግ-ኢኖቹ አረንጓዴ መጣ፣ ለሙሉ ኤሌክትሪኮቹ ነጭ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ሲቀያየር ኖረ።

መንግሥት እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ያባብልሃል፣ ሰው ሁሉ ሲገዛ ይዘጋል።

ሚሚ ከኤል ኤ፦
ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ሌኑ ሞልቶ እኮ ነው! የፌዴራሉ ሕግ ካርፑል ሌን በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ከመቶ 90 እጁን ጊዜ ቢያንስ በሰዓት 45 ማይል መሄድ አለበት ይላል። እኛ ጋ 405 ላይ ስንት ማይል እንደሚኬድ ያውቃሉ። ሦስት ልጅ ጭኜ፣ ብቻውን ቴስላ ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ኋላ ስቆም ደስ አይለኝም ነበር።

ጋሽ ታክሲ፦
ልክ ነሽ ልጄ፣ ግን በ2011 ቢጫዎቹ ሲባረሩ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መንገዱን አጥንተው ነበር። የተባረሩት ወደ ሌላው ሌን ገቡና እሱን አዘገዩት። የጎን መንገዱ ሲዘገይ ካርፑሉም አብሮ ዘገየ፤ ከሚሳበው መኪና አጠገብ ማንም በፍጥነት ማለፍ አይደፍርማ።

የአሌክሳንድሪያው፦
እኛ ቨርጂኒያ ያለን ሰዎች ይህን ፊልም አይተነዋል። እዚህ «ክሊን ስፔሻል ፊውል» የሚባል ታርጋ ነበር። ከጁላይ 1፣ 2006 በፊት ታርጋውን ያወጣ ሃይብሪድ 95 እና 395 ላይ፣ ከጁላይ 1፣ 2011 በፊት ያወጣ ደግሞ 66 ላይ ብቻውን ይገባ ነበር። ከዚያ ሌኖቹ አንድ በአንድ ወደ ኤክስፕረስ (ቶል የሚከፈልበት ሌን) ተቀየሩና መብቱ አብሮ ሄደ። 66 ላይ ከቤልትዌይ (የዲሲ ቀለበት መንገድ) ወደ ውስጥ ባለው ክፍል የቀረው በዲሴምበር 2017 ነው። አሁን ኢ-ዚ ፓስ ፍሌክስ (የቶል መክፈያ መሣሪያ) ይዘህ፣ ማብሪያውን ወደ ካርፑል አዙረህ፣ ሦስት ሰው ከሆናችሁ ነጻ ነው። ብቻህን ከሆንክ መኪናህ በፀሐይ ቢሄድም ትከፍላለህ። ለዚህ ነው እዚህ ሰው የማያውቀውን ሰው ከዉድብሪጅ ፓርኪንግ አሳፍሮ ፔንታጎን የሚያደርሰው። በነጻ! መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ለማመን ተቸግሬ ነበር።

ቆንጂት ሃይዋርድ፦
ኦክላንዱ፣ ሁሉም ስለ ሕጉ አወራ፣ ስላንተ መንገድ ማንም አላወራም። 880 ላይ በኦክላንድና በሚልፒታስ መካከል ያለው ኤክስፕረስ ሌን ነው። የሚሠራው ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 5 እስከ ምሽቱ 8 ሰዓት (በፈረንጅ) ነው። አንተ በ4 ሰዓት ከወጣህ ሌኑ ገና ለማንም ክፍት ነው። ስቲከር አያስፈልግህም፣ ቶልም አትከፍልም። በቤይ ኤሪያ ያሉ ተራ ካርፑል ሌኖችም እንደዚሁ የሰዓት ገደብ አላቸው፤ ምልክቱ ላይ ተጽፏል። ኤል ኤ አካባቢ ግን አብዛኛው 24 ሰዓት ነው፣ ወደዚያ ስትሄድ በዚህ ልማድ እንዳትገባ።

ችግርህ የመመለሻው ነው። ብቻህን ከሆንክ ሙሉ ቶል፣ ሁለት ከሆናችሁ ግማሽ፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ነጻ። ሌኑ ኤክስፕረስ ከሆነ በኋላ ስቲከሩ ራሱ እዚያ መንገድ ላይ ነጻ አያስገባም ነበር፣ ግማሽ ዋጋ ነበር የሚያስከፍለው። ስለዚህ ሻጩ ያለው ፕሮግራሙ ሳይቀርም ለ880 አይሠራም ነበር። ፋስትራክ ፍሌክስ (የካሊፎርኒያ የቶል መክፈያ መሣሪያ) አውጣ፣ መሣሪያው ላይ ያለውን ቁጥር በየቀኑ መኪናው ውስጥ ባለው ሰው ልክ አድርግ። ሥራ ቦታህ ወደ ኦክላንድ የሚመለስ አንድ ሰው አይጠፋም፤ እሱን ፈልግ።

የኦክላንዱ፦
ኧረ ተባረኪ! ይህን ማንም አልነገረኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። አብራኝ ስትሆን ሦስት እንባላለን?

ቆንጂት ሃይዋርድ፦
😂 እንኳን ደስ አላችሁ። እስክትወልድ ሁለት ናችሁ። ከተወለደ በኋላ መቀመጫው ላይ የታሰረ ሕፃን እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፣ ያኔ ሦስት ናችሁ። ውሻ አይቆጠርም፣ አሻንጉሊትም አይቆጠርም፤ የሞከሩ አሉ።

ጋሽ ታክሲ፦
ሌላም ነገር ልጨምርልህ። ሻጩ «ያገለገለ ኤሌክትሪክ ስትገዛ እስከ አራት ሺህ ዶላር ታክስ ይመለስልሃል» ካለህ፣ እሱም በዚያው ሴፕቴምበር 30፣ 2025 ቀርቷል። ሁለቱም በአንድ ቀን ነው የሄዱት። በዚህ ሁሉ ተደራደርና ያችን አንድ ሺህ አስቀንስ። መኪናዋ ግን መጥፎ አይደለችም። የስንት ዓመት ሞዴል ናት? 2020 እና ከዚያ በኋላ ከሆነች የባትሪው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150 ሺህ ማይል ነው፣ ቀድሞ የሞላው።  ማይሏን ጻፍልኝና እንየው።