ሦስቴ ወድቆ ሦስቴ የተነሳው ፋይተር፦ እናንተ ጋ የቁስል ሕጉ እንዴት ነው?

የማታ ዲኤም፦

ሰላም ለቤቱ። ቅዳሜ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት፣ አምስት ሆነን ዲ ኤንድ ዲ (ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን በዳይስ የምንጫወተው የተረት ጨዋታ) እንጫወታለን። ዲኤሙ፣ ማለትም ተራኪውና ዳኛው፣ እኔ ነኝ። የያዝነው እ.ኤ.አ. የ2014ቱን አምስተኛ እትም ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፣ አንድም ካራክተር (ተጫዋቹ የሚመራው ገጸ ባሕርይ) ሞቶብን አያውቅም። ችግሬም እሱ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። ድልድይ ላይ ከኦግር (ግዙፍ ጭራቅ) ጋር ተፋጠዋል። ፋይተራችን (ፊት ቆሞ የሚዋጋው) በዱላ ተመታና ኤችፒው (የሕይወት ነጥቡ) 0 ገባ፣ ወደቀ ማለት ነው። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «አጥንቱ ቀሽ ሲል ተሰማ» አልኩ። ሁሉም ይደነግጣል ብዬ ነበር። ክሌሪካችን (ፈዋሹ) ከዳቦ ቆሎው ቀና እንኳ ሳይል «ሂሊንግ ወርድ፣ አምስት» አለ፤ የፈውስ ድግምቱ ነው፣ አምስት ኤችፒ መለሰለት። ፋይተሩ ተነሳ። ኦግሩ መታው፣ ወደቀ። «ሂሊንግ ወርድ፣ ስድስት።» ተነሳ። ሦስተኛው ላይ ሲወድቅ ተጫዋቹ ኩሽና ሻይ እየቀዳ ነበር። ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሻይ ይቀዳል?

ድሮ የዲኤም መጽሐፉ ላይ ያለውን የቋሚ ጉዳት ሰንጠረዥ ሞክሬዋለሁ። ባለ 20 ጎን ዳይስ ትጥላላችሁ፣ 1 ከመጣ ዓይን ይጠፋል፣ 2 ከመጣ እጅ ይቆረጣል። በሁለተኛው ሳምንት ቀስተኛችን 2 አወጣ። እጅ የሌለው ቀስተኛ! ልጁ አስራ አምስት ቀን ስልኬን አላነሳም። ሰንጠረዡን በዚያው ተውነው።

ቁስሉ የሚሰማ፣ ግን ሰው የማያኳርፍ የሰፈር ሕግ ያላችሁ እስቲ ወዲህ በሉ።

ባለ20፦

ወንድሜ ቀላል ነው። 0 በገባ ቁጥር አንድ ደረጃ ኤግዞስሽን (የድካም ቅጣት) ስጠው። ሎንግ ረስት (ረጅሙ ዕረፍት) የሚያነሳው አንዱን ብቻ ነው፣ 6 ከደረሰ ይሞታል። ሦስቴ ወድቆ የተነሳ ሰው በ2014ቱ ሕግ ጠላትን ሲመታም ሁለት ዳይስ ጥሎ ትንሹን ነው የሚወስደው። ሁለተኛ፣ የዴዝ ሴቩን ዳይስ (የወደቀ ሰው ለሞት ሽረት የሚጥለውን፣ ሦስቴ ከሳተ የሚሞትበትን) አንተ ብቻ እያየህ አስጥለው። ማንም ባይደርስለት እንኳ የመትረፍ ዕድሉ 60 በመቶ ገደማ ነው፣ ግን ሌሎቹ ሁለት ይሳት ሦስት አያውቁም። ሻዩ ያኔ ይቀራል።

ክሌሪክ ነኝ፦

በድብቅ መጣሉን እደግፋለሁ። ኤግዞስሽኑ ግን ግፍ ነው። የሚወድቀው ማነው? ፊት የቆመው። ዛፍ ጀርባ ተደብቆ ቀስት የሚወረውረው ምንም አይሆንም። እኛ ጋ ሞክረነው በወሩ ሁሉም ቀስተኛ ሆነ።

ክሌሪኩንም አትፍረዱበት። ኦግር በአንድ ምት በአማካይ 13 ይወስዳል። ሂሊንግ ወርድ የሚመልሰው ስድስት ሰባት ነው። ኤችፒ ደግሞ ከ0 በታች አይወርድም። 4 የቀረው ሰው 13 ሲመታ ዘጠኙ የትም አይቆጠርም። ታዲያ ሳይወድቅ ማከም ለምን? ሕጉ ራሱ «እስኪወድቅ ጠብቅ» እያለኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው የዲኤም መጽሐፍ እስከ -10 ይወረድ ነበር፣ የተረፈውም አንድ ሳምንት ሙሉ ይተኛ ነበር። ያኔ ቀድሞ ማከም ትርጉም ነበረው።

ወጌሻው፦

ያው መጽሐፍ ኤችፒ ሥጋና ደም ብቻ እንዳልሆነም ይናገራል፤ ልምድም፣ ዕድልም አለበት። ስለዚህ «አጥንቱ ቀሽ አለ» ብለህ በስድስት ኤችፒ ካስነሳኸው፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ የዋሸኸው አንተ ነህ። ኤችፒ እያለ ያዳልጠው፣ ይተንፍስ፣ ጋሻው ይጎድጉድ። አጥንቱን ለቁስል አስቀምጠው።

እኛ ጋ እንዲህ ነው። 0 ስትገባ ምርጫው የራስህ ነው፦ ወይ እንደ ሕጉ ትወድቃለህ፣ ወይ በ1 ኤችፒ ቆመህ ትቀርና ካርድ ላይ አንድ ቁስል ትጽፋለህ። የት እንደሆነ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። ቀስተኛው ጎድኑን ይጽፋል እንጂ ጣቱን አይነካም፣ ኩርፊያ የለም። ዲኤሙ ደግሞ ቁስሉ የሚነካው ነገር ሲመጣ ብቻ ያስከፍላል። ድግምት አያድነውም። ከተማ ገብቶ ሰባት ቀን መተኛት ነው። ሁለት ቁስል ካለህ ምርጫው ተዘጋ፣ ትወድቃለህ።

የኛ ከተማ ውስጥ ወጌሻ አለ። ቅቤ ያሞቃል፣ 20 ወርቅ ይቀበላል፣ እያሸ ይሳደባል። ከድራጎኑ ይልቅ እሱን ነው የሚፈሩት።

የማታ ዲኤም፦

አንደኛ፣ እህታችሁ ነኝ 😄 ሁለተኛ፣ ወጌሻው ልክ ነህ፣ ዋሽቻለሁ።

የካርዱን ነገር ትናንት ሞከርነው። ፋይተሩ ዋሻ አፍ ላይ 0 ገባ። ክሌሪኩ አፉን ሊከፍት ሲል «ቆይ» አለው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «ሰባት ቀን ነው ያልሽው?» አለ። አዎ። ካርዱን ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና በእርሳስ «ግራ ጉልበት» ብሎ ጻፈ። ኦግሩ ላይ ሦስቴ ሲወድቅ ቃል ያልተነፈሰ ሰው፣ አሁን ጠረጴዛው ሥር የራሱን ጉልበት ይዟል።

ከዋሻው መውጫው ገደል ነበር፣ በገመድ። ጉልበቱን እዚያ ላይ አስከፈልኩት። ቀስተኛው አዝሎ አወረደው፣ ያ ያኮረፈው ልጅ።

አሁን ችግሩ፣ የሚሳፈሩበት መርከብ የሚነሳው በሦስተኛው ቀን ነው። ግማሹ «ጥለነው እንሂድ»፣ ግማሹ «መርከቡ ይቅር» ይላል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ሆኗል፣ ግሩፕ ቻቱ ላይ እስካሁን እየተጨቃጨቁ ነው። ሻይ የምቀዳው እኔ ሆኛለሁ።

ወጌሻው፣ ስድቡን ግን ከየት ነው የምታመጣው?