167 ጊዜ ለላትቪያ፦ የአስታፍዬቭስ ሪከርድ ክብር ይገባዋል ወይስ ቁጥር ብቻ ነው?

ቁጥር ስምንት
ትናንት እዚህ ገጽ ላይ ለብሔራዊ ቡድን ብዙ ጊዜ ስለመሰለፍ የአውሮፓ ሪከርዶች ስናወራ አንዱ "ቪታሊስ አስታፍዬቭስ ደግሞ ማን ነው? ስሙ የማይታወቅ ሰው እንዴት ከጣሊያኑ ግብ ጠባቂ ከነቡፎን ጋር ይጠራል?" ብሎ ጻፈና ወሬው እዚያው ቀረ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። ስለዚህ ዛሬ በግልጽ እንከራከርበት።

ሰውየው የላትቪያ አማካይ ነው። በ1971 በዋና ከተማዋ ሪጋ ተወለደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከ1992 እስከ 2010 ለአገሩ 167 ጊዜ ተሰልፎ 16 ጎል አግብቷል። ሲያቆም ከአውሮፓ ማንም ያን ያህል ለብሔራዊ ቡድን አልተጫወተም ነበር። በዩሮ 2004 ደግሞ የላትቪያ አምበል ሆኖ ፖርቱጋል ውስጥ ተጫውቷል።

የኔ አቋም ይሄ ነው። ለጀርመን ወይም ለጣሊያን ስትጫወት ማልያው ራሱ ይጠራሃል። ስታዲየሙ ይሞላል፣ ዋንጫ ይታሰባል። ላትቪያ ውስጥ ግን የሕዝቡ ልብ ያለው ከበረዶ ሆኪ ጋር ነው፣ ኳስ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በእንዲህ ያለ አገር፣ ብዙ ጊዜ ለሚሸነፍ ቡድን፣ 18 ዓመት ሙሉ በተጠራ ቁጥር ሻንጣውን ይዞ አውሮፕላን እየቀየረ ለመጣ ሰው ክብር ካልተሰጠ ለማን ሊሰጥ ነው?

ሀቅ ይነገር
ወንድሜ፣ ሰውየውን አልንቅም። ግን ቁጥሩን ብቻ ይዘህ አትሩጥ።

ሪከርዱን የሰበረው በየትኛው ጨዋታ ነው? ኖቬምበር 2009 ላይ ከሆንዱራስ ጋር በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ። ከሱ በፊት ሪከርዱ በማን እጅ ነበር? በኢስቶኒያዊው ማርቲን ራይም። እሱም አማካይ፣ እሱም ከባልቲክ። ራይም መጫወት ካቆመ በኋላ በ2009 ለስንብት ተብሎ ከኢኳቶሪያል ጊኒ ጋር ተሰለፈና 157 ሞላለት። እንግዲህ ይታያችሁ፣ ሁለት ትንንሽ ጎረቤት አገሮች የአውሮፓን ሪከርድ ተቀባበሉት። ይሄ አጋጣሚ አይመስለኝም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ጀርመን ውስጥ አንድ አማካይ ትንሽ ሲቀዘቅዝ ቦታውን የሚፈልጉ አምስት ልጆች ከኋላው ቆመዋል። ሁለት ሚሊዮን አካባቢ ሕዝብ ያላት ላትቪያ ውስጥ ግን ማን ይተካዋል? በዚያ ላይ ሶቭየት ኅብረትና ዩጎዝላቪያ ሲፈርሱ የአገሮች ቁጥር ጨመረ። ለዩሮ 96 ማጣሪያ ብቻ 47 አገሮች ገቡ። የማጣሪያ ጨዋታ በዛ ማለት ነው። ጀርመናዊው ሎታር ማቴውስ 150 ጨዋታ ለመድረስ ከ1980 እስከ 2000 ፈጅቶበታል፣ ያውም በየጊዜው በዓለም ዋንጫና በአውሮፓ ዋንጫ እየተጫወተ። የዚያን ሰው 150 ከዚህኛው 167 በታች አድርጌ መቁጠር አልችልም።

የሜዳ ዳር
እኔ ሁለታችሁም የዘላችሁት ነገር ይታየኛል። "ተተኪ የለም" ማለት "ማንም ገብቶ ይጫወታል" ማለት አይደለም። ተተኪ የሌለው ተጫዋች መጎዳት አይችልም፣ መድከም አይችልም፣ በ35 ዓመቱ "በቃኝ" ማለትም ይከብደዋል። አስታፍዬቭስ እስከ 39 ዓመቱ ነው የተጫወተው። መሀል ሜዳ ላይ! ግብ ጠባቂ ቢሆን ይሁን እንላለን። መሀል ሜዳ ግን ሳንባና እግር ይጠይቃል።

ክለቦቹንም እዩ። ሪጋ ውስጥ ከስኮንቶ ጋር ሆኖ ሊጉን ደጋግሞ አሸንፏል። ስኮንቶ ከ1991 እስከ 2004 ድረስ 14 ዋንጫ በተከታታይ የበላ ክለብ ነው። አስታፍዬቭስ ከስኮንቶ ወጥቶ እንግሊዝ ሄደና ብሪስቶል ሮቨርስ ገባ። ክለቡ በ2001 ወርዶ ወደ አራተኛው እርከን ገባ። አስታፍዬቭስ እዚያው ቆየ፣ እስከ 2003። የዩሮ 2004 ማጣሪያ ሲጀመር የላትቪያ አምበል የሚጫወተው በእንግሊዝ አራተኛ ዲቪዚዮን ነበር! አስቡት፣ ቅዳሜ በጭቃ ሜዳ ላይ ረጅም ኳስ እያባረረ፣ ረቡዕ ደግሞ ከፖላንድና ከስዊድን አማካዮች ጋር። እኔ ይሄን ሳስብ ለሰውየው ያለኝ ፍቅር ይጨምራል።

ሀቅ ይነገር
እህቴ፣ እሱን ለኔ ነው የተከራከርሽልኝ። አራተኛ እርከን የሚጫወት ሰው ለብሔራዊ ቡድን ቋሚ ተሰላፊ ከሆነ ውድድር አልነበረበትም ማለት ነው።

የሜዳ ዳር
ወይም ደግሞ የክለብ ደረጃ ብቻውን ተጫዋችን አይለካም ማለት ነው። ያ ቡድን እኮ ፖላንድን ዋርሶ ላይ 1 ለ 0 አሸንፏል። በመጨረሻው የምድብ ጨዋታ ስዊድንን በሜዳዋ 1 ለ 0 አሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። ፖላንድንና ሀንጋሪን ጥሎ ነው ያለፈው። ውድድር የማያውቅ አምበል እንዲህ ያለ ቡድን ይመራል?

ሀቅ ይነገር
ስዊድን ያን ቀን አስቀድማ ማለፏን አረጋግጣ ነበር። እሱንም ንገሪን።

ቁጥር ስምንት
ትክክል ነህ፣ አልፋ ነበር። ቱርክ ግን አላለፈችም ነበር! የ2002 የዓለም ዋንጫ ሦስተኛዋ ቱርክ! ላትቪያ ሁለተኛ ስለወጣች ለማለፍ ከቱርክ ጋር ደርሶ መልስ ደረሳት። ሪጋ ላይ ማሪስ ቬርፓኮቭስኪስ አገባና 1 ለ 0 ሆነ። ሁሉም ኢስታንቡል ላይ ያበቃላቸዋል አለ። ኢስታንቡል ላይ ቱርክ 2 ለ 0 መራች። ሀካን ሹኩር ሁለተኛዋን ሲያገባ ጨዋታው ያለቀ መስሎ ነበር። ከዚያ ዩሪስ ላይዛንስ በቅጣት ምት አገባ፣ ቬርፓኮቭስኪስ ደገመ፣ 2 ለ 2። ያኔ ወደ ዩሮ የሚያልፉት 16 ቡድኖች ብቻ ነበሩ፣ እንደ አሁኑ 24 አይደለም። ከሦስቱ የባልቲክ አገሮች እስከ ዛሬ እዚያ የደረሰችው ላትቪያ ብቻ ናት፣ ያውም አንዴ።

ከፍራንክፈርት
ዘግይቼ ገባሁ፣ ግን ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። በ2004 ጀርመን ከመጣሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ጁን 19፣ ቅዳሜ ማታ፣ ጀርመን ከላትቪያ። ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ቢራ ቤት ተሰበሰብን። ሰዉ ሁሉ የሚያወራው በ4 ነው ወይስ በ5 የምናሸንፈው እያለ ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነው።

90 ደቂቃ አለቀ፣ 0 ለ 0። ኦሊቨር ካን በረኛ፣ ባላክ መሀል ላይ። ቬርፓኮቭስኪስ አንዴ ከሜዳው አጋማሽ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ቢራ ቤቱ ጸጥ ያለበት ጸጥታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ላትቪያዎች ፍጹም ቅጣት ምት ይገባናል ብለው የጮኹበትም ጊዜ ነበር። እነ አስታፍዬቭስ መሀሉን ዘግተውት ነበር። የሚያምር ኳስ አልነበረም፣ አልዋሽም። ግን አንዱ ሲያልፈው ሌላው ይደርሳል፣ ቦታ አይለቁም፣ አይደናገጡም። ያ የጣለችው ነጥብ ጀርመንን ቆይቶ አንገበገባት፤ በቼክ ተሸንፋ ከምድቡ ወጣች። ሲያልቅ አጠገቤ የነበረው ጀርመናዊ የሥራ ባልደረባዬ "እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ?" አለኝ። እኔም የስደተኛነት ነገር ሆኖብኝ ይሁን አላውቅም፣ ከትንሽ አገር መጥተው አንገታቸውን ቀና አድርገው የወጡትን ሰዎች ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አቶ ሀቅ ይነገር፣ በወዳጅነት ጨዋታ ላይ ያልከው ልክ ሊሆን ይችላል። ግን የዚያን ቀኑን ጨዋታ ከሌሎቹ ጋር ደባልቀህ አታጣጥለው።

ሀቅ ይነገር
አላጣጥልም። እንዲያውም አንተ የጻፍከው የኔን ሐሳብ ነው የሚደግፈው። አስታፍዬቭስን የምናከብረው በዚያ ምሽት ነው፣ በሆንዱራሱ ጨዋታ አይደለም። ከቼክ ጋርም እኮ እስከ 73ኛው ደቂቃ እየመሩ ነበር፣ ኔድቬድና ሮዚትስኪ ያሉበትን ቡድን! 2 ለ 1 ተሸነፉ። ከዚያ ሆላንድ 3 ለ 0 አሸነፈቻቸውና በአንድ ነጥብ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ይሄ ለኔ ከ167 ይበልጣል። ቁጥሩን ስታስቀድሙት ነው የምናደደው፣ ምክንያቱም ሰው ቁጥሩን ሰምቶ "ከትንሽ አገር ስለሆነ ነው" ብሎ ያልፈዋል፣ ያን ምሽት ግን ማንም ሊንቀው አይችልም።

የድሮ ቲፎዞ
ልጆች፣ አንድ ነገር ልጨምር። አስታፍዬቭስ 20 ዓመት ቀደም ብሎ ቢወለድ ኖሮ ለላትቪያ አንድም ጨዋታ አይጫወትም ነበር። ላትቪያ የሚባል ብሔራዊ ቡድን አልነበረማ! ከ1940 ጀምሮ በሶቭየት ውስጥ ነበሩ። የሪጋ ልጅ ጎበዝ ቢሆን የሚጠብቀው የሞስኮን ጥሪ ነው፣ ያ ጥሪ ደግሞ ለስንቱ ደረሰ? እሱ 20 ዓመት ሲሞላው አገሪቱ ነፃነቷን መለሰች፣ በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ እንደገና መጫወት ጀመረ። ከመጀመሪያው ዓመት እስከ 2010 አብሮት አለ። ቡድኑ ከዜሮ ሲነሳ የነበረ፣ ዩሮ ሲገባ አምበል የነበረ፣ ከዚያም በኋላ ሲወርድ ያልሸሸ ሰው ነው።

ቁጥር ስምንት
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት እኔ ልጽፈው ፈልጌ ያቃተኝን ነው። አመሰግናለሁ።

ሀቅ ይነገር
ጋሼ፣ ክብርዎ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ያሉት እኮ ዕድል ነው። በትክክለኛው ዓመት መወለድ የተጫዋች ችሎታ አይደለም።

የድሮ ቲፎዞ
መወለዱ ዕድል ነው ልጄ። 18 ዓመት መቆየቱስ? በ1992 አብረውት የጀመሩት የት ሄዱ? ሁሉም እኩል ዕድል ነበራቸው፣ የቆየው እሱ ነው።

የሜዳ ዳር
ለዚህ መልስ ያለው ካለ ይምጣ። እኔ የማሪያንስ ፓሃርስን ነገር እያሰብኩ ነው። በችሎታ ካየነው ፓሃርስ ይበልጠው ይሆናል፣ ሳውዝሃምፕተን ላይ በፕሪሚየር ሊግ ጎል ሲያገባ አይተነዋል። ጉዳት ግን አሳረፈው። አካልን ለ18 ዓመት ጠብቆ ማቆየትም ችሎታ ነው፣ ሰው አያይልህም እንጂ።

ሀቅ ይነገር
እሺ፣ እዚህ ላይ እጄን እሰጣለሁ። መቆየቱን በዕድል ማስረዳት አልችልም። ተተኪ ማጣት እስከ 30 ዓመት ያደርስሃል እንጂ እስከ 39 አያደርስህም።

ግን የሪከርድ ጉዳይ ላይ አልተንቀሳቀስኩም። ስፔናዊው ካሲያስ 167 ላይ ደረሰበት፣ ቡፎን አለፈው፣ ሌላው ስፔናዊ ራሞስ 180 ገባ፣ ሮናልዶ 200ን ተሻገረ። የወዳጅነት ጨዋታ ለሁሉም ይውጣ፣ ማጣሪያና ዋና ውድድር ብቻ ይቆጠር። ለማቴውስም ለራሞስም ለአስታፍዬቭስም እኩል።

ቁጥር ስምንት
ተስማማሁ፣ አንድ ነገር ጨምርልኝ ግን። የወዳጅነቱን ስናወጣ ኢስታንቡልና የጀርመኑ ጨዋታ እንደ ትንሿ ሳን ማሪኖ ጨዋታ እኩል አንድ አንድ ተብለው ይቆጠራሉ? እሱንም አስብበትና ነገ እንቀጥል።

ከፍራንክፈርት
ነገ ስትቀጥሉ እኔን ጥሩኝ። ያ ባልደረባዬ አሁንም አብሮኝ ይሠራል፣ የእሱንም አስተያየት ጠይቄ አመጣላችኋለሁ።