አባይ በረሃ ሲወጣ የሚግል 75 ላንድክሩዘር፦ ቴስታታው ይከፈት ወይስ ይቆይ?

ባለሃርድቶፑ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ፣ ኤችዜድጄ 75 ነው፤ ሞተሩ 1ኤችዜድ፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው፤ ሰውና እህል ጭኜ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ።

ሜዳ ላይ ምንም አይልም። የአባይን ድልድይ ተሻግሬ ወደ ጎሐ ጽዮን መውጣት ስጀምር ግን የሙቀት ጌጁ ከግማሽ አልፎ ወደ ቀዩ ይጠጋል፤ ዳር ይዤ ሳላጠፋው ትንሽ ስቆም ቀስ እያለ ይወርዳል። ውሃ ብዙም አይጎድልም። ያለበት ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ ነው። አንድ ጋራዥ ወሰድኩት፤ ምንም ሳይመረምሩ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው፣ ይከፈት» አሉኝ። እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቴርሞስታትም አውጥተው ጣሉት። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ሞተሩ ለመሞቅ ይዘገያል፣ ዳገቱ ላይ ግን ያው ነው።

ሌላው ደግሞ፣ የፊት ግራ ጎማ በውስጥ በኩል ጥቁር ቅባት ያንጠባጥባል። ጉድጓድ ስመታ መሪው በኃይል መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ፍጥነት እስክቀንስ አያቆምም። ቴስታታ ማስከፈት ለኔ ትልቅ ወጪ ነው፤ የቤተሰቤ እንጀራ ያለው እዚህ መኪና ላይ ነው። የምታውቁ እርዱኝ።

የጣና ዳሩ መካኒክ፦
ወንድሜ፣ ቴስታታውን አታስነካ። መጀመሪያ በነፃ የሚታየውን እይ።

ጠዋት ሞተሩ በደንብ ቀዝቅዞ እያለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳው። አረፋ እየተከታተለ የሚወጣ ከሆነ፣ ወይም ክዳኑን ዘግተህ ስታስነሳው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ የሚያህል ከሆነ፣ ያኔ ጓርኒሲዮኑን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታን ጠርጥር። ዘይቱ ወተት ካልመሰለ፣ ውሃም ካልጠፋ፣ ሜዳ ላይም ካልጋለ ግን እኔ ወደ ማቀዝቀዣው ነው የምሄደው። ከድልድዩ እስከ ጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው፤ ያውም በጭነት፣ በቀስታ፣ ከታች ያለው ሙቀት ተጨምሮበት። በቀስታ ስትሄድ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ሳይሆን ፋኑ ነው።

ስለዚህ ፋኑን እይ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ካጠፋኸው በኋላ፣ ቁልፉን ነቅለህ፣ ፋኑን በእጅህ ግፋው። ቪስከሱ (ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው፣ ውስጡ ዘይት ያለው መያዣ) ደህና ከሆነ ይከብድሃል፣ ወዲያው ይቆማል። እንደ ልጅ መጫወቻ የሚሽከረከር ከሆነ አልቋል ማለት ነው። በፋኑ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ መከለያ መኖሩንም አረጋግጥ፤ እነዚህ መኪኖች ላይ አንዴ ሲፈታ ብዙ ጊዜ አይመለስም። እሱ ከሌለ ፋኑ ያንኑ የሞተር ክፍል ሙቅ አየር ነው የሚያዞረው።

ቴርሞስታቱን ማውጣታቸው በጣም ነው ያናደደኝ። ሥራው ሁለት ነው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ከታች ያለችው ሳህን አቋራጩን ትዘጋለች። ስታወጣው አቋራጩ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ከሚሞቀው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ጠዋት አይሞቅም፣ ዳገት ላይ ደግሞ ይግላል። ያንተ መኪና የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። አዲስ ኦርጅናል ቴርሞስታት አስገባ።

የራዲያተሩን ክዳንም ቀይር። እናንተ ጋም ሆነ አዲስ አበባ ከፍታው ስለሚበዛ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ ያመቀው ግፊት ነው። ጎማው የደረቀ ክዳን ግፊት አይዝም። በዚያ ላይ የቧንቧ ውሃ ብረቱን ያዝጋል፣ ራዲያተሩንም በቅርፊት ይሞላዋል፤ አስጥበህ ኩላንት ሙላበት።

እስከዚያው አባይን ስትወጣ በከባድ ማርሽ አታስጨንቀው። ማርሽ ቀንስና ሞተሩ ይዙር፤ ፋኑም ውሃ ፓምፑም አብረው ይፈጥናሉ። ስትወርድም በማርሽ ያዘው፣ ፍሬኑ ላይ አትተኛ።

የጂንካ መንገድ፦
የማቀዝቀዣው ነገር በደንብ ተነግሯል። እኔ ስለ ፊት እግሩ ልናገር፤ ደቡብ ስሠራ እነዚህን መኪኖች ብዙ ነድቻለሁ።

ያ ጥቁር ቅባት ቀጥኖ የዲፈረንሻል ዘይት የሚሸት ከሆነ የውስጠኛው አክስል ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቋል ማለት ነው። የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ኳሱ ቤት (መሪ ሲዞር የፊት ጎማው የሚታጠፍበት ክብ መገጣጠሚያ) ገብቶ ግራሶውን ያቀጥነዋል፣ ከዚያ ይፈሳል። ጉዳቱ ሁለት ነው፦ ኩሽኔታዎቹ (ቤሪንጎቹ) ያለ ግራሶ ይቀራሉ፣ ዲፈረንሻሉም ዘይት እየጎደለው ይሄዳል። ዛሬውኑ የዲፈረንሻሉን ዘይት አሳይ። አክስሉ ላይ ያለችውን መተንፈሻም ጥረግ፤ በጭቃ ከተደፈነች ዘይቱ ሲሞቅ አዲስ ሲል ብታስገባም ገፍቶ ይወጣል።

ለመንቀጥቀጡ፣ በክሪክ አንሳውና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቀው። ክፍተት ካለው ሌላ ሰው የፍሬን ፔዳል ረግጦ ይያዝልህ፣ አንተ እንደገና ነቅንቅ። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው። ካልጠፋ ኳሱን ከላይና ከታች የሚይዙት ኩሽኔታዎች ናቸው፤ እኔ በነሱ ነው የምወራረደው። ቀጥሎ ጎማውን በግራና ቀኝ ይዘህ ቴስቲናዎቹን (የመሪው ዘንጎች ጫፍ ላይ ያሉትን መገጣጠሚያዎች) እይ። ብዙ ሰው የመሪውን ሾክ አብዞርበር ብቻ ቀይሮ ይገላገላል፤ መንቀጥቀጡ ለጊዜው ይደበቃል እንጂ አይጠፋም።

ሲፈታ አጠገቡ ቁም። ከላይና ከታች ያሉት ቀጫጭን ላሜራዎች እንዳይቀላቀሉ፣ የላዩ ወደ ላይ፣ የታቹ ወደ ታች ይመለስ። ደግሞ ሁለቱንም ጎን አንዴ ጨርሰው፤ ቀኙም ዕድሜው ያው ነው።

ከሻርጃ፦
እዚህ 1ኤችዜድ እንደ ልብ ነው፣ ያገለገለ ዕቃም ሞልቷል። ምክሬ አጭር ናት፦ ሲል፣ ኩሽኔታና ቴርሞስታት ያገለገለ አትግዛ። አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስትሄድ የድሮውን ዕቃ ይዘህ ሂድ፤ በስም ብቻ ከጠየቅክ የሌላ ሞዴል ይሰጡሃል።

አንድ ነገር ማንም አላነሳም። የታይሚንግ ቺንጋው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኑ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) መቼ ተቀየረ? የዚህ ሞተር ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። የማታውቅ ከሆነ አሁን ቀይረው፤ እየሄድክ ከተበጠሰ ቫልቮቹን ፒስተኑ ይመታቸዋል፣ ያኔ ቴስታታው የግድ ይከፈታል።

ባለሃርድቶፑ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ መካኒክ፣ እንዳሉኝ ጠዋት ክዳኑን ከፍቼ አስነሳሁት፤ አረፋ የለም፣ ቱቦውም ለስላሳ ነው። ፋኑ ግን ሞቆ ሳጠፋው በአንድ ጣት ይሽከረከራል። ራዲያተሩ ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ነው። ማታ በሞተሩ በኩል ባትሪ ሳበራበት ግን የታችኛው ግማሽ ብርሃን አያሳልፍም፤ ጭድና ጭቃ ተጋግሮበታል። የፊት እግሩም ፍሬን ተይዞ ይነቃነቃል። የቺንጋውን የሸጠልኝ ሰውም አያውቅም፤ ይቀየራል።

የምጠይቅዎ፣ ቪስከሱ ሙሉውን ነው የሚቀየረው ወይስ ይጠገናል?

የጣና ዳሩ መካኒክ፦
በአክሱ በኩል ዘይት ካላዘለለና ኩሽኔታው ካልተንገጫገጨ ይጠገናል። ብሎኖቹ ተፈትተው አሮጌው ይፈስና ለቪስከስ የተሠራው ሲሊኮን ዘይት ይሞላል፤ የሞተር ዘይት አይሆንም። ካዘለለ ሙሉውን ቀይር። ራዲያተሩን አውርደህ ውሃውን ከሞተር በኩል ወደ ፊት እየለቀቅክ እጠበው፤ ግፊት አታብዛበት፣ ክንፎቹ ይተኛሉ። ቴርሞስታቱን ሳታስገባ ደግሞ አባይ እንዳትወርድ።